የልጄ ማቆያ በር ላይ የሚቆመው ጭስ የኛው የባጃጆች ነው፤ ምን ላድርግ?

ባለሦስት እግር (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። የድሬ ልጆች፣ የሐረርም፣ ባሕር ማዶ ያላችሁትም።

ባጃጅ ነው የምነዳው። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ግን ስለ ቤንዚን ሰልፍ ላማርር አይደለም የመጣሁት። ስለ ልጄ ነው።

ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። እናቷ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የወሊድ ፈቃድ ከመውለዷ በፊት አንድ ወር፣ ከወለደች በኋላ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ደግሞ ሳታውቁት ያልቃል። አማቴ ጉልበታቸውን እስኪያማቸው ድረስ ያዙልን። ከዚያ ሳቢያን አካባቢ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ያለ የሕፃናት ማቆያ አስገባናት። ስሙን አልጠራም። ባለቤቷ ሴትዮ ክፉ አይደሉም፤ ሞግዚቶቹም ልጄን ይወዷታል። የመረጥኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ለምን ብትሉ፣ የኛ ተራ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ሰው ሲጠፋ በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ አያታለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አወረድኳት። አንድ ጫማዋ ወለቀ። ላነሳላት ጎንበስ አልኩ። ከፊታችን የቆመው ባጃጅ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ትኩስ ጭስ ፊቴ ላይ መጣ። ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ቀና ስል የለም። ድጋሚ ጎንበስ ስል አለ። እዚያው ሁለት ሦስቴ ጎንበስ ቀና አልኩ፤ ያየኝ ሰው ስግደት ላይ ነው ሳይለኝ አይቀርም። ልጄ ግን ዝም ብላ የውሃ ኮዳዋን ይዛ ቆማለች። ለምዳዋለቻ።

ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። አሥራ አንድ ባጃጅ። አንዱም አልጠፋም። የኔም አልጠፋም። ከኋላችን ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ አይሱዙ። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ልጆቹ መጫወቻ በእርምጃ ለካሁት፤ ዘጠኝ። የሚተኙበት ክፍል መስኮት ደግሞ ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው።

ባለቤቴ አላመነችኝም። ሴትዮዋን አስፈቅዳ ያረጀ ነጭ ሻሽ አርጥባ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። በሦስተኛው ቀን የምጣድ ማሰሻ መስሎ አገኘነው። ለሴትዮዋ ስናሳያቸው «ድሬ ላይ አቧራ ዛሬ ነው እንዴ የመጣው?» አሉን።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ሌላ ማቆያ አለ፤ ውስጥ ለውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ገባ ይላል። በወር ሰባት መቶ ብር ይጨምራል፤ ለሥራዬም አይመችም። ላውጣት? ወይስ እዚያው ሆና የሚደረግ ነገር አለ? ማስክ ባደርግላትስ? እኔ ማታ ማታ ጭስ ያጥባል ብዬ ወተት እጠጣለሁ፤ ለእሷም እያጠጣናት ነው። ወይስ ነገር አጋነንኩ?

———

ደቻቱ ማዶ

አቦ ፈታ በል! ሁላችንም በዚህ አቧራ ነው ያደግነው። እኔ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋ እየቃምኩ ነው ያደግኩት፣ ይኸው አልሞትኩም። ልጅ እንደ ብርጭቆ ከያዝከው ይሰበራል። ሰባት መቶውን ብር ሥጋ ግዛላት።

———

ባለሦስት እግር

ወንድሜ፣ አንተ አሸዋ ስትቅም ድሬ ላይ ስንት ባጃጅ ነበር? ጋሪና ፔጆ ነበር ያለው። ሥጋውን ግን አስብበታለሁ።

———

ሲስተር ነኝ (ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ አላጋነንክም።

ጤና ጣቢያ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። አንተ ጎንበስ ብለህ ያገኘኸውን ነገር እኛ በሥልጠና ነው የሰማነው። ማርሚታ፣ ማለት የጭስ መውጫው፣ ከመሬት ብዙ አይርቅም። የሁለት ዓመት ልጅ አፍንጫም ከአንድ ሜትር በታች ነው። ጭሱ ገና ሳይበተን ነው እሷ ጋ የሚደርሰው። አንተ ጋ እስኪወጣ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሏል።

ትንፋሿን ደግሞ ተመልከት። አንተ ቁጭ ብለህ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ትተነፍሳለህ። እሷ አርፋ እንኳ 25፣ 30 ትደርሳለች። ስትሮጥ አትጠይቀኝ። በኪሎዋ ብታሰላው ከአንተ ይልቅ እሷ ናት ብዙ አየር የምታስገባው። ሳንባዋም አልተጠናቀቀም። አየር ከደም ጋር የሚገናኝባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች አብዛኞቹ ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው የሚፈጠሩት።

ደቻቱ ማዶ ላልከው ወንድሜ፦ አሸዋና ጭስ ለየቅል ናቸው። አሸዋው ትልቅ ነው፤ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዘዋል፣ በማስነጠስ በሳል ይወጣል። ጉዳት የለውም አላልኩም፤ አስም ያለበትን ልጅ ይቀሰቅስበታል። የጭሱ ብናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሚባለው ከፀጉር ዘለላ ውፍረት ሠላሳ እጅ ያህል ይቀጥናል። ከሞተር ትኩሱን የሚወጣው ከዚያም ያነሰ ነው። አፍንጫ አይዘውም፤ ሳንባ ሥር ድረስ ይወርዳል፣ በጣም ደቃቁ ደም ውስጥም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን ብናኝ ልክ በኩቢክ ሜትር አየር በዓመት አማካይ 10 ማይክሮግራም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 5 አወረደው። ስለዚህ ሻሻችሁ የያዘው ትልቅ ትልቁን ነው። ዋናው በሽንቁሩ አልፎ ሄዷል።

ወተቱን በተመለከተ አታኩርፈኝ። የጋራዥ ሰዎችም፣ የፋብሪካ ሰዎችም፣ የኔም አባት ይጠጡ ነበር። ወተት ግን የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሳንባ ጋ መንገድ የለውም። ለልጅቷ ለዕድገቷ ጥሩ ነውና ስጣት፣ ጭስ ያጥባል ብለህ ግን አትዘናጋ።

ማስክ ደግሞ ተወው። ከሁለት ዓመት በታች ጭራሽ አይደረግም፤ ትንፋሽ ያፍናል፣ አውልቁልኝ ማለትም አይችሉም። የእሷ እኩዮች ደግሞ አንዴ ያደርጉታል፣ አንዴ ያኝኩታል። የጨርቁ ማስክ ይህን ደቃቅ ብናኝ እምብዛም አይከለክልም።

ልብ በል የምልህ ነገር፦ ሳል ከያዛት ተኝታ ወይም ተረጋግታ ሳለ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠር። ሰዓት ይዘህ፣ ሆዷን እያየህ። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ጤና ጣቢያ አምጣት። የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ጠዋት አትጠብቅ።

አሁን ወደ ድሬ ችግር ልምጣ። ሌላ አገር «መኪና በሚበዛበት ሰዓት ልጆቹን ውጭ አታጫውቱ» ይባላል። እኛ ጋ ልጅ ውጭ የሚጫወተው መቼ ነው? ጠዋት ከፀሐይ በፊትና አመሻሽ ላይ። ከአራት ሰዓት በኋላ ግቢው ምጣድ ነው። መኪናውም የሚበዛው በነዚሁ ሰዓቶች ነው። ጠዋት ደግሞ ነፋስ የለም፤ ጭሱ ከቆመበት አይነሳም። መንገዱ ጭር የሚለው ከምሳ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰውም ልጁም ከሙቀቱ ተደብቆ ይተኛል። በዚህ ሙቀት መስኮት ዝጉ ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ሰዓቱን ትታችሁ ቦታውን ብትቀይሩ ነው የሚሻለው። መጫወቻውም መኝታውም ወደ ጓሮ ይዙር። የመንገዱ መስኮት ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ይዘጋ፣ የጓሮው ይከፈት። ፋን ካላቸው ከጓሮ በኩል አየር እንዲስብ ያዙሩት።

———

ማርሚታ ጠጋኙ

ሲስተር ጥሩ ብለዋል። እኔ የማውቀውን ልጨምር። ሃያ ዓመት ጭስ ስጠባ የኖርኩ መካኒክ ነኝ፤ ወተቱንም ስጠጣ። አሁን ሳነበው ሳቄ መጣ።

ጭስ ቋንቋ አለው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ናፍጣ መኪና ላይ ኖዝል ተበላሽቷል፣ አየር ፊልትሮ ተዘግቷል፣ ወይ ከአቅም በላይ ተጭኗል። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የምታዩት ሲኖትራክ ሦስቱንም አሟልቶ ነው የሚወጣው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ ወይ የቫልቩ ጎማ አልቋል። አሮጌዎቹ ቱ ስትሮክ ባጃጆች ደግሞ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ጤነኛ ሆነውም ያጨሳሉ። ጭስ ስላልታየ ደግሞ ደህና ነው አትበሉ። ሲስተር ያሉት ደቃቁ በዓይን አይታይም።

የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ተብሎ በዓለም ደረጃ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ያኔ የሰማሁ ቀን ጋራዡን በር ሁለቱንም ከፈትኩ፤ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

አሁን አንተን ልጠይቅህ ባለሦስት እግር። አየር ፊልትሮህን መቼ አየኸው? የድሬ አቧራ ፊልትሮ ይደፍናል። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? አውልቀው ይጥሉታል። «ቀለል አለኝ» ይላሉ። ከዚያ አሸዋው ሲሊንደሩን ይሞርደዋል፣ በዓመቱ ሰማያዊ ጭስ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። ፊልትሮው የሚገዛበት ብር የምሳ ነው። ካርቡሬተሩንም አስተካክሉ።

ተራ ላይ ቆማችሁ ሞተር የማታጠፉበትን ምክንያትም አውቀዋለሁ። ባትሪው ሞቷል። በእጅ ጎትቶ ማስነሳት ይሰለቻችኋል፣ ተሳፋሪ ሲመጣም ታፍራላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ቤንዚን ታቃጥላላችሁ፤ ከዚያ ለቤንዚኑ ሰልፍ ታድራላችሁ። አንድ ደቂቃ ከቆምክ አጥፋ። ሒሳቡ ላንተው ነው።

———

ከዚራ ነበርኩ (ሎስ አንጀለስ)

የድሬን ስም ሳይ ዘልዬ ገባሁ። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የምሠራውም የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቴ መስኮት ፍሪዌይ፣ ሰፊው የፈጣን መኪና መንገድ፣ ይታየኛል። እና ጥያቄህ የኔም ጥያቄ ነው።

እዚህ ያለውን ልንገርህ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ አዲስ የሕዝብ ትምህርት ቤት ከፍሪዌይ 500 ጫማ፣ በኛ 150 ሜትር ገደማ፣ ውስጥ እንዲሠራ አይፈቀድም፤ ልዩ ሁኔታ ካልተሟላ በቀር። ለምን 150 ሜትር? የመኪና ጭስ ከመንገዱ እየራቀ ሲሄድ በፍጥነት ስለሚሳሳ ነው። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሜትሮች ላይ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሦስት መቶ ሜትር ካለፈ ከሌላው የከተማው አየር ጋር ይመሳሰላል። ያ ያልከው ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልብ በል፣ ሕጉ የሚለው ትምህርት ቤት ነው። እንደኛ ያለ የግል ማቆያ፣ ከትምህርት ቤት ልጅ ያነሱት የሚውሉበት፣ እዚያ ውስጥ የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እዚሁ ደቡብ ካሊፎርኒያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆችን ከ10 ዓመታቸው እስከ 18 እየተከታተለ ሳንባቸውን ለክቷል። ከፍሪዌይ 500 ሜትር ውስጥ የሚኖሩት ከራቁት ይልቅ ሳንባቸው ያነሰ ነው ያደገው። ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከልጅህ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ መንገዱም የሎስ አንጀለስ ፍሪዌይ እንጂ የሳቢያን አስፋልት አይደለም። ደስ የሚለው ግን በ2015 የወጣው ነው። አየሩ እየጸዳ ሲመጣ፣ በኋላ ያደጉት ልጆች ሳንባ ከቀደሙት የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከዚራ ያሉትን ዛፎች አስብ። እንደ እነሱ ጥላ የትም የለም፤ ግንዳቸው ግን ራቁቱን ነው፣ ቅጠሉ ያለው ላይ ነው። ጭስ በሥራቸው ያልፋል። መንገድ ዳር ጭስ የሚቀንሰው ከመሬት ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ወይ ክፍተት የሌለው አጥር ነው። የማቆያው አጥር ምንድን ነው? የብረት ፍርግርግ ከሆነ ላሜራ ቢለበጥበት ጥሩ ነው።

ከዚራ ሻይ ቤቶቹ አሁንም አሉ? ሻሂ በወተት አማረኝ።

———

ባለሦስት እግር

ፍርግርግ ነው ወንድሜ። እንዴት አወቅክ? ሻሂውም አለ፤ ዋጋው ነው የማይታወቀው።

ማርሚታ ጠጋኙ፣ አየር ፊልትሮዬን ከፍቼ አየሁት። ስለሱ ዝም ብንል ይሻላል።

———

ሃያ ዓመት ሞግዚት (ሐረር)

ልጄ፣ እኔ ደግሞ ከማቆያ ወገን ነኝ። ሴትዮዋን ብዙ አትፍረድባት።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነው የምሠራው። ጠዋት በራችን ላይ ያለው ግርግር ከናንተ አይተናነስም፤ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ከአወዳይ ጫት ይዞ የሚከንፈው አይሱዙ። ያ ሁሉ ይቆይና፣ እኔን የሚያናድደኝ የራሳቸው የወላጆቹ ነው። ልጁን ሊወስድ የመጣው አባት በራችን ላይ መኪናውን አስነስቶ ስልክ ያወራል። ሙቀት ነው ብሎ ኤሲ ከፍቶ። ልጁ ከኋላ ማርሚታው ሥር ቆሞ «አባዬ» ይላል። ስንናገር «አንቺ ምን አገባሽ» እንባላለን። ማቆያ ሠራተኛ ወላጅ ላይ አፏን ከፍታ አትናገርም፣ ልጁን ያወጣዋላ። ባለቤቷም የምትፈራው ይህንን ነው። እናንተ ወላጆቹ ስትናገሩ ግን ይሰማሉ። አንተ ደግሞ የተራው ሰው ነህ፤ ካንተ የተሻለ ማን ሊናገር ነው?

ሌላ ልንገርህ፣ ይህን ደግሞ ሲስተርም አላነሱትም። ውጭውን ስናይ ውስጡን እንረሳለን። እኛ ጋ እስከ ዛሬ አምስት ዓመት ድረስ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ይታጠን ነበር። የሽንት ሽታ እንዲጠፋ ብለን። እጣን፣ አንዳንዴ የሶማሌ ኡንሲ። ምሳውም በከሰል በረንዳ ላይ ነበር የሚሠራው፣ ልጆቹ ከሚተኙበት በር ሥር። አንድ ቀን የጤና ባለሙያ መጥታ «የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ከመኪናው በምን ይለያል?» አለችን። ደነገጥኩ። እጣን እኮ በረከት ነው፤ ጭስ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን የሚታጠነው ቅዳሜ ልጆቹ በሌሉበት ነው። ከሰሉ ጓሮ ሄደ። ደረቅ መጥረጊያ ቀረ፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምንወለውለው። ደረቅ መጥረጊያ መሬት የወረደውን መልሶ ወደ ላይ ነው የሚያስነሳው፤ የሚተነፍሰው ደግሞ ምንጣፍ ላይ የሚድኸው ነው።

ለሕፃናቱ ሳል ይህ ይበቃል አልልም። የመንገዱ አለ። ግን ሴትዮዋን በራስዋ ነገር ብትጀምሩላት ታፍራለች። በመጥረጊያውና በከሰሉ ከጀመራችሁ ትስማማለች። መኝታውን ማዞር ከዚያ ይቀላል።

እኔ ቤቴ ጀጎል ውስጥ ነው። መንገዱ መኪና አያስገባም፣ ግንቡ ወፍራም ነው። ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ሸዋ በር ስደርስ ሽታው ጥፊ ይመታኛል። እዚያ የሚውሉት ግን አይሸታቸውም። ልጅህ ዝም አለች ያልከው እሱ ነው።

———

ደቻቱ ማዶ

እትዬ ሞግዚት ልቤን ነካሽው። እኔም ልጄን ላመጣ ስሄድ ሞተር አላጠፋም። ማለቴ አላጠፋም ነበር።

———

ባለሦስት እግር

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ተራ አስከባሪያችንን ያዝኩት። እሱም ልጅ አለው። ተራውን ከበሩ ፊት እናንሳ አልኩት። «ተሳፋሪ የለመደው እዚህ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ያን ቀን ተለያየን። በማግስቱ ጠዋት በግድ አምጥቼ ልጆቹ የሚወርዱበት ቦታ ላይ ቁጢጥ አልኩና «ና እዚህ ቁጭ በል» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ቁጭ አለ። ግማሽ ደቂቃ አልቆየም። ተነስቶ አፉን ጠራርጎ ምንም ሳይናገር ሄደ። ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ነጭ ቀብቶ ስድሳ እርምጃ ወደ ላይ፣ የሱቆቹ ጎን አስቀመጠ። አሁን ተራው እዚያ ነው።

ሁሉም ደስ አላለውም። አንዱ «የሀብታም በሽታ ነው» ብሎኛል። ሞተር የማጥፋቱ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው። ሦስቱ ባትሪያቸው የሞተ ነው፤ ማርሚታ ጠጋኙ እንዳልከው። የቀሩት ያጠፋሉ፣ አንዳንዴ ይረሳሉ። እኔም ረስቼ አውቃለሁ። ፊልትሮ ግን ቀይሬያለሁ፤ በእውነት ቀለል ብሏል።

ሴትዮዋ ጋ ደግሞ እትዬ እንዳሉኝ በመጥረጊያው ጀመርን። ባለቤቴ ናት የተናገረችው፣ እኔ ቁጡ ነኝ። «እኛ ቤትም በደረቁ እየጠረግን ልጅቷን አሳልናት» ብላ በራሷ ጀመረች። በዚያው ወሬ ጓሮውን እንያው አለች። ጓሮው ሮቶ፣ የተሰበረ ወንበርና የአሮጌ ፍራሽ ክምር ነበር። እሑድ አራት አባቶች ሆነን አጸዳነው። ሮቶውን ወደ መንገዱ በኩል አዞርነው፤ ውሃው ስላላለቀ ለግማሽ ሰዓት ስንገፋ ሴቶቹ ስቀውብናል። አሁን ትንንሾቹ የሚተኙት የኋላ ክፍል ነው። ፍርግርጉ ላይ ላሜራ አልተለበጠም፤ ብሩን ለማዋጣት ተነጋግረናል፣ የተሰጠ ግን የለም።

ሲኖትራኩ ያልፋል። ያ በኛ ድንጋይ አይቆምም። ዘጠኙ እርምጃም ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ውስጥ ለውስጥ ያለው ማቆያ ሄጄ ጠየቅኩ። አሁን ሞልተዋል፤ ለመስከረም ስሟን አስመዝግቤአለሁ። ሰባት መቶውን ከየት እንደማመጣ ገና አላውቅም። ወተቱን ለራሴ አቁሜዋለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ይተርፋል።

የጎደለብኝ ነገር ቢኖር ቀዳዳው ነው። ከስድሳ እርምጃ አይታይም። ትናንት ከምሳ በኋላ መንገዱ ጭር ሲል በእግሬ ሄጄ አጮለቅኩ። መጫወቻው ባዶ ነው፤ ሁሉም ጓሮ ናቸው። ድምፅዋን ብቻ ሰማሁና ተመለስኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልሂድ። ጓሮው ላይ ዛፍ የለም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትመታው። ያረጀ የመኪና ሸራ፣ ወደ አምስት በስድስት የሚሆን፣ በቅናሽ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቢቀደድም ግድ የለም፤ እንጣጥፈዋለን።

———

ማርሚታ ጠጋኙ

ሸራ አለኝ። ዘይት ነክቶታል፤ ዘይቱ ያልነካውን ግማሹን ቆርጠህ ውሰድ። ከሰዓት በኋላ ና፣ ሞተርህን አጥፍተህ ግባ።